ተወጥሮ የከረመ ክንፍ

ዲሬክተሩ የዝውውር ማመልከቻዬን አጣጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡና፣ «ይህን ከኤግዚቢሽኑ በኋላ እናየዋለን» አሉኝ። ከሌላው መሳቢያ ደግሞ አንድ የፈረንጅ መጽሔት አወጡ።

ፋሲካ ካለፈ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ላገባድድ ነው። ለሴት ተማሪዎች የእጅ ሥራ አስተምራለሁ፤ ጥልፍ፣ ዳንቴል፣ ሹራብ፣ የልብስ ስፌት። አገሬ ድሬዳዋ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ እዚያ ብቻዋን ቀረች። ከእኔ በቀር ልጅ የላትም።

እናቴ ደብዳቤ የምትጽፍልኝ በገዛ እጇ ነው። ዳዊት ለመድገም ስትል ካደገች በኋላ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፤ ፊደሏ ትልልቅ፣ መስመሯ ቀጥ ያለ። ያን ዓመት ግን መስመሩ መዝመም ጀመረ። በጥር የመጣው ደብዳቤ ላይ መስመሮቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። በመጋቢት የመጣው ላይ ሁለቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተጽፈው ማንበብ አቃተኝ። መጨረሻው ላይ ብቻ፣ «ዓይኔ ደኅና ነው፣ አታስቢ» የሚለው ለብቻው ቆሞ ይነበባል። እኔ እኮ ዓይንሽ እንዴት ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ማመልከቻውን የጻፍሁት በዚያው ሳምንት ነው።

ዲሬክተሩ መጽሔቱን ገልጠው አንድ ፎቶግራፍ አሳዩኝ። በሽቦ ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ ነው፤ ወፍ ይሁን የተገለበጠ ጃንጥላ አልለየሁትም።

«ቅርጻ ቅርጽ ነው» አሉ፤ «ድንጋይ አይደለም፣ እንጨት አይደለም፤ የሚለጠጥ ነገር ነው። እኛም እንዲህ ያለ እንሠራለን። ገመዱ ሲሳብ ክንፏን የምትዘረጋ፣ ሲለቀቅ ራሷ የምታጥፍ ወፍ።»

«ምን ዓይነት ወፍ፣ ጌታዬ?»

«ክንፍ ያላት» አሉኝ። «ወይዘሪት፣ በሰኔ የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት ይመጣሉ። ዳንቴል አይተው አይተው ሰልችቷቸዋል። አምና አንደኛው ትራስ ልብሱን እያየ ሲያንቀላፋ አይቼዋለሁ።»

አይሆንልኝም ልል አፌን ከፈትሁ፤ መሳቢያው ታየኝና መልሼ ገጠምሁት።

ያስጨነቀኝ የሥራው ክብደት ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው፤ ነገር ግን ዞረው ከኋላው የሚያዩት፣ ጥላ የሚጥል ምስል የለባትም። ከልጅነቴ ጀምሮ የቆመ ምስል ሳይ ሰውነቴን ይቀፈኛል። ለወፍ የሚሰግድ የለም ብዬ ራሴን ባጽናናም ልቤ አላረፈልኝም። መንገድ ላይ ሳስብ ሄጄ ለራሴ አንድ ወሰን አበጀሁ፤ ዓይን አላደርግላትም። መንቁር ይበቃታል።

አጥንቷን ለመሥራት አልተቸገርሁም። ገበያ የሚመጣውን ቀርከሃ ሰንጥቀን፣ በእንፋሎት አጉብጠን፣ ከልጃገረዶቹ ጋር በአሥር ቀን ጨረስነው። ሲዘረጋ የጃንጥላ አጥንት ይመስላል፤ አንዱ ክንፍ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ጭንቁ ቆዳዋና ጅማቷ ነው። ቆዳው ከአጥንቱ ጋር መለጠጥ አለበት። ጅማቱ ደግሞ ክንፉ ከተዘረጋ በኋላ ጎትቶ መመለስ አለበት። መለጠጥ ሁሉም ይለጠጣል። የሚመለሰው የትኛው እንደሆነ ግን ሳይፈትኑ አይታወቅም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛሁና ገጹን ለሁለት ከፈልሁት፤ በአንዱ በኩል «ምን ያህል ተለጠጠ»፣ በሌላው «ምን ያህል ተመለሰ»። የምፈትነውን ነገር ከጣሪያው ክፈፍ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ርዝመቱን በከሰል ምልክት አደርጋለሁ፣ ከታቹ ድንጋይ አስራለሁ። ሲያድር ድንጋዩን ፈትቼ መልሼ እለካለሁ።

የምኖረው ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ በደፉ አንዲት መነኩሲት ግቢ ተከራይቼ ነው። እማሆይ ቀጭን ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ከእርሳቸው ይፈጥናል። ለፈተናው ክብደቱ የተስማማኝ ድንጋይ የእርሳቸው የወፍጮ መጅ ሆኖ ተገኘ።

«መጄ የት ሄደ?» ይላሉ ከጓዳ።

«እኔ ጋ ነው እማሆይ፣ ከሰዓት በኋላ አወርደዋለሁ።»

«ታወርጂዋለሽ? መጅ ተሰቅሎ ያየ ማን አለ! እህሉንም ሽቅብ ልፍጨው በይኛ!»

ከቆዳ ቤት ያመጣሁት ጠፍር ሲረጥብ ተለጠጠ፤ ሲደርቅ በተለጠጠበት ቀረ። «አልተመለሰም» ብዬ ጻፍሁ። የሹራብ ክር ሁለት ቀን ተመለሰ፣ በሦስተኛው ቀን ደክሞት እዚያው ተንጠለጠለ። የውስጥ ልብስ መታጠቂያ ላስቲክ ጥሩ ተመለሰ፤ ግን መጁን መሸከም አቅቶት እማሆይ በር ላይ ጣለው። ድንጋዩ አልተጎዳም። እማሆይ ግን ሦስት ቀን ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ ነው የመለሱልኝ።

መፍትሔው የተገኘው ገበያው ዳር ካሉት ሱቆች በአንደኛው ነው። ባለሱቁ ሐጂ ናቸው፤ ከሻማ እስከ በቅሎ ልጓም የማይሸጡት የለም። ከአዲስ አበባ ያስመጡት የናይለን ስቶኪንግ፣ ያ ረጅም ስስ የሴት ካልሲ፣ ከመስተዋቱ ኋላ ተሰቅሎ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር በእግሬ ቀርቶ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሱቁ ከሰው ባዶ እስኪሆን ውጭ ቆሜ ጠበቅሁና ገባሁ።

«ቁጥርሽ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ለእኔ አይደለም፣ ሐጂ። አሥራ ስድስት ጥንድ ነው የምፈልገው።»

«አሥራ ስድስት! ለማን ነው?»

«ለወፍ።»

ሐጂ እጃቸውን ካልሲው ላይ እንዳደረጉ፣ «ስንት እግር አላት?» አሉ።

ነገሩን ሳስረዳቸው ሣቁን ትተው ጉዳዩን እንደ ራሳቸው ያዙት። ካልሲው ለቆዳዋ ይሆናል፣ ጅማቷ ግን ሌላ ነው አሉ። ወደ ኋላ ገብተው የተቀደደ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ የሚሉትን፣ አምጥተው አንድ ጫፉን ለእኔ አስያዙኝ። «ሳቢ! አትፍሪ፣ ሳቢ!» ሳብሁ። ልቀቂ ሲሉኝ ለቀቅሁ፤ እጃቸውን ጧ አድርጎ መታቸው። «አየሽ?» አሉ እጃቸውን እያሹ፤ «ተመልሷል።»

ካልሲዎቹን ግን መፈተን ነበረብኝ። እግሩ ውስጥ ድንጋይ ጨምሬ በክፈፉ ላይ አራቱን በተርታ ሰቀልሁ። ወሩ በገባ በሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። እማሆይ ቤት ለዝክር የነፍስ አባቴ መጡ። ከበሩ ላይ ደርሰው መስቀላቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። አራት ከጉልበት የተቆረጡ የሚመስሉ እግሮች በነፋስ ይወዛወዛሉ።

«ይህ የማን እግር ነው?»

ከቤት ሮጬ ወጣሁ። «የማንም አይደለም አባ። ክንፍ ነው።»

«እግር የሚመስል ክንፍ በየትኛው መጽሐፍ አገኘሽ?»

እማሆይ ከውስጥ፣ «አይጠይቋት አባ፣ መጄንም ሰቅላው ነበር!» አሉ።

በዚያው ዕለት ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ የድሬዳዋዋ አስተማሪ እግር ሰቀለች ተባለ። እኔ ግን አጋጣሚውን ተጠቅሜ በልቤ የከረመውን ጠየቅኋቸው። ምስል መሥራቴ ከቁርባን ይከለክለኝ እንደሆነ ነገረ ሥራውን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። አባ ጠላቸውን ቀስ ብለው ጠጡና፣ «ዓይን አላት?» አሉኝ።

«የላትም አባ።»

«ማንም እንዳይሰግድላት፤ አንቺም አብዝተሽ እንዳትወጃት። የእጅ ሥራ ሲያምር ክፉ ነው፣ ልብ ይወስዳል» አሉና ባረኩኝ።

በግንቦት መጀመሪያ ወፏን ዲሬክተሩ ፊት ሞከርናት። ካልሲዎቹን ሰንጥቀን ሰፍተን ግራጫ ቀለም ነክረናቸዋል። ከከመነዳሪው ስምንት ጠፍሮች ቆርጬ አራቱን በቀኝ፣ አራቱን በግራ ትከሻዋ አስሬያለሁ። ገመዱን ሳብሁ። ካልሲው ያለ ኮሽታ ተለጠጠ፤ ብርሃኑ በስሱ ቆዳ አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ። ለቀቅሁ። ሁለቱም ክንፎች እኩል ታጠፉ። ልጃገረዶቹ እልል አሉ።

ዲሬክተሩ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ትከሻቸው ላይ ያለውን ካፖርት እያስተካከሉ፣ «እርስዎን የመሰለ ሰው ደብረ ማርቆስ ከየት ታገኛለች?» አሉኝ።

ምስጋና ነው። እኔ ግን መሳቢያው ታየኝ።

ቤት ስገባ ለእማሆይ ነገርኋቸው። ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ሰሙኝ።

«እንግዲህ ከተበላሸች አይፈርምልሽም» አሉ። «ካማረች ደግሞ አይለቅሽም። አንቺ የትኛውን ነው የምትጸልዪው?»

በእውነት በዚያ ሰሞን ጸሎቴ ምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም ነበር። ውዳሴ ማርያም ስደግም መሃል ላይ እጠፋለሁ፤ እንደገና ከመጀመሪያው እነሣለሁ። ሌላም ክፉ ሐሳብ ገባብኝ። ዓይን የሌለው ነገር እየሠራሁ የእናቴ ዓይን መፍዘዙ እንዲያው በአጋጣሚ ነው? የወሰንሁት ወሰን ራሱ ሟርት ቢሆንስ? አንድ ቀን ሁለት ጥቁር ቁልፍ ከመርፌ ጋር ይዤ ወፏ ራስ አጠገብ ቆምሁ። አልሰፋሁትም። እንደገናም ይዤ ሄድሁ፤ እንደገናም መለስሁት።

ከሙከራው በኋላ ላስቲኩን አውቄ ነው የፈታሁት። ደብተሬ ላይ፣ ተወጥሮ ያደረ ከመነዳሪ ግማሹን ብቻ እንደሚመለስ ጽፌያለሁ፤ ስለዚህ እስከ ሰኔ እንዲያርፍ ስምንቱንም አወረድኋቸው። ሳያቸው ጠርዛቸው ላይ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ወጥተዋል። የግንቦት ፀሐይ ነው የሰነጠቃቸው። ደነገጥሁ።

«ጠፍር እኮ ነው ያልሽኝ» አሉ እማሆይ፣ አንዱን ወስደው እያገላበጡ። «ጠፍር ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ምን ታለቅሻለሽ?» ለፋሲካ ከገጠር የመጣላቸውን ቅቤ በቅል አውጥተው ሰጡኝ። አባቴም የመሣሪያውን ማንገቻ ቅቤ ሲቀባ አይቼው አድጌያለሁ። አላመነታሁም። ስምንቱንም በጣቴ እያሸሁ ቀባኋቸው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኋቸውና ሣጥኔ ውስጥ፣ ከእናቴ ደብዳቤዎች ጎን አስቀመጥኋቸው። ሥራዬን ሁሉ እንዲህ ነው የምሠራው፤ ምንም ነገር ለነገ አልተውም፣ ምንም ነገር ሳልጠቀልል አላኖርም።

ኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ሲቀረው ጨርቁን ፈታሁ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ ጣቴ ተጣበቀ። ላስቲኮቹ አብጠው፣ ተልፈስፍሰው፣ እንደ ቀለጠ ሬንጅ ጥቁር ዝቃጭ ትተዋል። አንዱን ሳብሁት፤ ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ ስለቀውም እንደ ተለጠጠ እጄ ላይ ተንጠለጠለ። ከእናቴ ደብዳቤዎች አንዱም ጠርዙ ላይ ቅባት ጠጥቷል።

አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ከሁሉ በፊት የመጣልኝ ሐሳብ፣ ይህ የእግዚአብሔር መልስ ነው የሚል ነበር። ወፏ አትታጠፍም፤ አፍራለሁ፤ የማትፈለግ አስተማሪን ደግሞ ማንም አይዝም። ልቤ ትንሽ ቀለል ሲል ተሰማኝ፤ የቀለለውም ነው ያስፈራኝ። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ማመልከቻው ያለው ዲሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚል ነበር። በሹማምንት ፊት ያሳፈርኋቸው እንደሆነ መሳቢያውን ይከፍቱታል? ነጠላዬን ደርቤ በዝናቡ ወጣሁ።

ሐጂ ላስቲኩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ወዲያው መለሱት።

«ይህ ምንድን ነው የቀባሽው?»

«ቅቤ።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ! መምህርት፣ ጎማ ከላም ነው የተወለደው ያለሽ ማን ነው? ጎማ ቅባት ከነካው ያልቅለታል። መካኒኮቹን ጠይቂ፣ ዘይት ሲፈስበት እንዴት እንደሚሯሯጡ።»

«ቆዳ ሲሰነጠቅ...»

«እሱ ቆዳ ነው!» አሉና ፊቴን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጅ ልከው ከጎሚስታው ያለውን አስጠየቁ። የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ለአራት ጠፍር ይበቃል፣ ለስምንት አይበቃም። ከደምበጫ የሚመጣ መኪና ምናልባት ይዞ ይሆናል ተባለ፤ መኪናው ጭቃ ይዞት ቀረ።

አራቱን አዲስ ጠፍር ለቀኝ ክንፍ አደረግሁ። ከተበላሹት ሻል ያሉትን አራቱን በሳሙናና በአመድ አጥቤ፣ እጥፍ አድርጌ፣ ለግራው አሰርሁ። ስሞክረው የግራው ተመለሰ፤ ግን በጣም ቀስ ብሎ፣ እያሰበ። እማሆይ ቅቤያቸው ያደረገውን ሰምተው ቅሉን ጓዳ ከተቱት።

በዕለቱ አዳራሹ ሞላ። ውጭ ዝናብ ነው፣ ሰዉ ሁሉ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ከሹማምንቱ ትልቁ ገመዱን ራሳቸው እስባለሁ አሉ። ሳቡት። ክንፎቹ ተዘረጉ፤ ከስሩ ያሉት ሰዎች ወደ ላይ አንጋጠጡ። ለቀቁት። ቀኙ ወዲያው ታጠፈ። ግራው በአየር ላይ ቆመ። በሆዴ እመ ብርሃን እያልሁ ቆጠርሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ክንፏ እንደ ደከማት ሴት ክንድ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደና ጎኗ ላይ ዐረፈ።

አንዲት እናት ከኋላ፣ «ውይ፣ ታስባለች እኮ!» አለች። ጭብጨባው ያን ጊዜ ወረደ።

«ግሩም ነው» አሉ ሹሙ። «ዓይኗስ የት አለ?»

ዲሬክተሩ ከአፌ ቀደሙኝ። «ምሳሌ ነው፣ ክቡርነትዎ። ዕውቀት ሲገባት ይበራላታል።» እንደገና ተጨበጨበ። እኔ ወለል ወለሉን አየሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዲሬክተሩ እየሣቁ ወደ እኔ መጡ። ግራው እንዲዘገይ እንዴት እንዳደረግሁት ጠየቁኝ። «ስሕተት ነው ጌታዬ፤ ቅቤ ነው» አልኋቸው። የምቀልድ መሰላቸው፤ ከዚያ በፊት ቀልጄባቸው ባላውቅም ደስ አላቸው። ስለ ማመልከቻው አነሣሁ። «ለሚመጣው ዓመት ከነጫጩቶቿ እንሠራታለን» አሉ። «አንድ ዓመት ምንድን ነው? ቶሎ ያልቃል።»

አንድ ዓመት ስንት ደብዳቤ እንደሆነ አሰላሁ። መስመሮቹ እስከዚያ ምን እንደሚሆኑም።

አሁን የምጽፈው ነገር ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የአዳራሹን ዕቃ አስተካክዬ ቁልፉን ማስረከብ የእኔ ፈንታ ነበር። ወላጆች ፎቶግራፍ እንዲነሡ ገመዱ ተስቦ ምሰሶው ላይ ታስሯል፤ ወፏ ሁለቱንም ክንፏን ዘርግታ ቆማለች። ገመዱን ፈትቼ ክንፎቿን ማጠፍ፣ ጠፍሮቹን ማውረድ ነበረብኝ። ተወጥሮ ያደረ ግማሹን ብቻ እንደሚመለስ ከእኔ በቀር በዚያ ከተማ የሚያውቅ አልነበረም። በደብተሬ ተጽፏል፤ ደብተሩም በእጄ ነው።

እጄን ቋጠሮው ላይ አደረግሁ። ቆርቆሮው ላይ በረዶ ይወርዳል። ጣቶቼ ቋጠሮውን ያውቁታል፣ እኔው ነኝ የቋጠርሁት። ምን ያህል እንደቆምሁ አላስታውስም። ከዚያ እጄን አነሣሁ፣ በሩን ቆለፍሁ፣ ቁልፉን አስረከብሁ።

ክረምቱን አዲስ አበባ ለመምህራን በሚሰጠው ኮርስ አሳለፍሁ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ድሬዳዋ ወረድሁ። እናቴ ስትስመኝ ጉንጬን ስታ ጆሮዬን ሳመችኝ። ውኃ ስትቀዳልኝ ከብርጭቆው ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው፤ እየሰማች፣ ድምፁ ሲለወጥባት ደንግጣ አቆመች። «ብርጭቆው ትንሽ ነው» አለች። ትንሽ አልነበረም።

በመስከረም ዲሬክተሩ አንድ እንግዳ ይዘው ወደ አዳራሹ ገቡ። «አሁን ያያሉ» እያሉ ገመዱን ራሳቸው ፈቱት። ክንፎቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። ቀኙ ትንሽ ተነቀነቀ። ግራው ግን ከትከሻው ላልቶ ወደ ታች ተንጠለጠለና፣ አራቱ ጠፍሮች እንደ ረጠበ ክር ተዘረገፉ። እንግዳው በትሕትና ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ምን ሆና ነው?» አሉኝ ዲሬክተሩ።

«ተወጥራ ከረመች፣ ጌታዬ።»

«ማን ነው ወጥሮ የተዋት?»

የጥበቃው ሠራተኛ ይሆናል ማለት ይቻላል። ረሳሁ ማለትም ይቻላል። «እኔ ነኝ» አልኋቸው። «መፈታት እንዳለባት አውቅ ነበር። አልፈታኋትም።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። በዚያው ሳምንት ማመልከቻዬ ከመሳቢያው ወጣ። ተፈርሞበት ማኅተም ተመትቶበታል። ከፊርማው በላይ በዲሬክተሩ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «ሠራተኛዋ በንብረት አያያዝ ጥንቃቄ የሚጎድላት ስለሆነች ዝውውሩን አንቃወምም» ይላል።

ሰው ሁሉ በጥንቃቄዬ ነበር የሚስቅብኝ። መርፌዬን ቆጥሬ የምሰጥ፣ ቆጥሬ የምቀበል ሴት ነበርሁ። ወረቀቱን ይዤ ደጅ ላይ ቆሜ ሳለቅስ እማሆይ የደስታ መሰላቸው። «አየሽ» አሉኝ፤ «ቅቤዬ ነው የፈታሽ! እኔን አመስግኚ።» አመሰገንኋቸው። ቋጠሮውን ግን አልነገርኋቸውም።

የነገርሁት ለነፍስ አባቴ ነው። ከመሄዴ በፊት በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ወረቀቱን አንብቢልኝ አሉኝ፤ አነበብሁላቸው።

«ስግደት አልጨምርብሽም» አሉ። «በሄድሽበት ሁሉ ይህ ይነበብብሻል። እኔ አይደለሁም ብለሽ እንዳታስተባብዪ። ይህ ይበቃሻል።»

አባይን ወርጄ፣ ተሻግሬ፣ ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬዳዋ ገባሁ። በማግሥቱ እናቴ ዝውውሬ የተፈቀደበትን ወረቀት ልስማው አለች። ድሮ ቢሆን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ታነበው ነበር። ዘልዬው ማለፍ እችላለሁ፤ የምታውቅበት መንገድ የለም። አነበብሁት፣ ያንንም መስመር።

እናቴ ሣቀች። «ልጄን ከሌላ ሰው አምታተዋት ነው። ነገ ሂጂና አስተካክሉ በያቸው።»

«አይ እማዬ» አልኋት። «እኔው ነኝ።»

ሣቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። እጇን ዘረጋች፤ ወረቀቱን ሰጠኋት። ወደ ዓይኗ አላስጠጋችውም። በመዳፏ ብቻ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

«የቱ ጋ ነው የጻፉት?» አለችኝ።

ጣቷን ይዤ መስመሩ ላይ አኖርሁላት።